ኒዮዲሚየም ሴሌናይት ከቢከር እስከ ሙቀት ሚዛን፦ የአዘገጃጀቱና የሙቀት ጠባዩ ፍተሻ ዝርዝር መመሪያ

ብርቅዬ የምድር ብረቶች የሚባሉት 15ቱ ላንታናይዶች ከስካንዲየምና ከኢትሪየም ጋር ተደምረው 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው። እነዚህ ብረቶች ከሴሌነስ አሲድ ጋር የሚፈጥሯቸው ጨዎች ሴሌናይት ይባላሉ። በሴሌናይት ውስጥ አንዱ የሴሌኒየም አቶም ከሦስት ኦክሲጅኖች ጋር እንደ አጭር ፒራሚድ ተያይዞ ይቀመጣል፤ በፒራሚዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ከማንም ጋር ያልተጣመሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ይቀራሉ። ለሙቀት ጥናት የሚያጓጓው ነገር ጨዎቹ ሲሞቁ ሴሌኒየም ዳይኦክሳይዳቸውን በአንድ ጊዜ ጥለው ወደ ኦክሳይድ አለመለወጣቸው ነው። አንዱን ይለቃሉ፣ ይቆያሉ፣ ሌላውን ይለቃሉ፣ በመጨረሻ ኦክሳይዱ ብቻውን ይቀራል። እያንዳንዱ እርምጃ በሙቀት ሚዛን፣ ማለትም ናሙናው እየሞቀ ሳለ ክብደቱን በሚመዝነው መሣሪያ፣ ግራፍ ላይ እንደ ደረጃ ይታያል።

ይህ መመሪያ ከብረቶቹ መካከል ኒዮዲሚየምን ይዞ ይሄዳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ኒዮዲሚየም በውህዶቹ ውስጥ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሦስት ቻርጅ ስለሚገኝ የመጨረሻው ቅሪት ምን እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ሴሪየም ግን ወደ አራት ቻርጅ ይወጣል፣ የፕራሲዮዲሚየምና የተርቢየም ቅሪትም በአየር ውስጥ የሁለት ቻርጆች ቅልቅል ያለበት ኦክሳይድ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ቀለሙ ነው፤ የኒዮዲሚየም ጨው ፈዛዛ ወይን ጠጅ በመሆኑ ዝቃጩ፣ ማለትም ከሶሉሽኑ ወደ ታች የሚወርደው ጨው፣ መቼ እንደጠራና መቼ እንደቆሸሸ ዓይን ራሱ ይለየዋል። በነገራችን ላይ ያው ጨው በፀሐይ ብርሃን ወይን ጠጅ ሆኖ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ስለሚችል፣ ማታ ቀለሙ የተለወጠበት ሰው ናሙናው ተበላሸ ብሎ እንዳይደናገጥ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የሙቀት ግራፍ የሚመሰክረው በአብዛኛው ቢከሩ ውስጥ ስለተፈጸመው ነገር ነው። ግራፉ ያልተጠበቀ ደረጃ ሲያሳይ ብዙ ሰው ወዲያውኑ መሣሪያውን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን ዘወትር የሚገኘው በፒኤች፣ ማለትም በሶሉሽኑ አሲዳማነት መለኪያ፣ ቁጥጥርና በአጠባ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አብዛኛው ቃል የሚውለው በዝግጅቱ ላይ ነው።

ስለ መርዛማነቱ

ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድና ሴሌነስ አሲድ መርዞች ናቸው። ዳይኦክሳይዱ ነጭ ክሪስታል ሲሆን በ315 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ሕግ በአየር ውስጥ የሚፈቀደው የሴሌኒየም ውህዶች መጠን በሴሌኒየም ተሰልቶ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ዱቄቱ በጥፍር ሥር ከገባ ከፍተኛ ሕመም ያለው ቁስለት ያስከትላል፤ በሰውነት ውስጥ የገባ ሴሌኒየም ደግሞ ትንፋሽን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ያሸትታል፤ ይህ ሽታ ከራስ ላይ ከተሰማ ሥራውን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ስለዚህ የመመዘኑም፣ የማሟሟቱም፣ የማሞቁም ሥራ በጋዝ መሳቢያ ሁድ ውስጥ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ ይሠራል። ዚንክ፣ አሉሚኒየም ወይም ሌላ ከአሲድ ጋር ሃይድሮጅን የሚያወጣ ብረት ወደ ሴሌናይት ፈጽሞ አይጠጋም፤ እጅግ መርዛማ የሆነው ሃይድሮጅን ሴሌናይድ ጋዝ ሊወጣ ይችላልና።

ኦክሳይዱን መመዘን

ሥራው የሚጀምረው ከኒዮዲሚየም ኦክሳይድ ነው፤ የመጀመሪያው ስሕተትም የሚፈጸመው እዚሁ ነው። የብርቅዬ ምድር ኦክሳይዶች፣ በተለይ ቀላሎቹ፣ ከአየር ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባሉ። የላንታነም ኦክሳይድ የባሰ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ሃይድሮክሳይድ ከተለወጠ ክብደቱ በ16.6 በመቶ ይጨምራል፤ ይህም ማለት ከጠርሙሱ ከተወሰደው እያንዳንዱ 100 ግራም ውስጥ እውነተኛው ኦክሳይድ 85.8 ግራም ብቻ ነው። በክረምት ወራት በተደጋጋሚ የተከፈተ ጠርሙስ ካለ ይህን ማሰብ ግድ ነው። ኒዮዲሚየም እንዲህ አይፈጥንም፤ ቢሆንም ንጹሕ አይደለም።

ስለዚህ ኦክሳይዱን በአሉሚና ክሩሲብል ውስጥ አድርገው ከ900 እስከ 1000 ዲግሪ ባለው እቶን ለሁለት ሰዓት ያቃጥሉት፤ ከዚያ እርጥበት በሌለበት ዴሲኬተር ውስጥ አቀዝቅዘው ሳይቆዩ ይመዝኑ። ለአንድ ዙር ሥራ 0.005 ሞል ይበቃል፤ የኒዮዲሚየም ኦክሳይድ ሞላር ክብደት 336.48 በመሆኑ ይህ 1.682 ግራም ይሆናል። በውስጡ ያለው ኒዮዲሚየም 0.01 ሞል ነው። ንጽሕናው ቢያንስ 99.9 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባክ በ1885 እ.ኤ.አ. ዲዲሚየም የተባለውን ሁለት ቦታ ከፍሎ ኒዮዲሚየምንና ፕራሲዮዲሚየምን እስኪለያቸው ድረስ ሁለቱ እንደ አንድ ንጥረ ነገር ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬም ርካሽ በሆነ ኦክሳይድ ውስጥ ጎረቤቱ ፕራሲዮዲሚየም አይጠፋም፤ ከተቃጠለ በኋላ ፈዛዛ ሰማያዊ መሆን የሚገባው ኦክሳይድ ወደ ቡናማ ካደላ ይህን ይጠርጥሩ።

የብረቱን ሶሉሽን ማዘጋጀት

የተመዘነውን ኦክሳይድ በ250 ሚሊ ሊትር ቢከር ውስጥ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ያርጥቡት፤ ከዚያ 3 ሚሊ ሊትር የተከማቸ ናይትሪክ አሲድ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ በቀስታ ያሙቁ። በስሌት የሚያስፈልገው አሲድ 0.03 ሞል፣ ማለትም ከ65 በመቶው አሲድ 2.1 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ቀሪው ማሟሟቱን ለማፍጠን የተጨመረ ትርፍ ነው። ይህ ትርፍ ግን በኋላ ጠላት ስለሚሆን መባረር አለበት። ሶሉሽኑ ጥርት ሲል በውሃ ገላ ላይ፣ ማለትም በሚፈላ ውሃ እንፋሎት በሚሞቅ ማስቀመጫ ላይ፣ ሊደርቅ እስኪቃረብ ድረስ ያትንኑት፤ ጥቂት ውሃ ጨምረው እንደገና ያትንኑ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ ሆኖ የተጻፈ መመሪያ የሚሰጠው ሰዓት እዚያ አይበቃም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጨረሻ የቀረውን ጨው በውሃ አሟሙተው በ100 ሚሊ ሊትር መለኪያ ጠርሙስ ይሙሉ። የብረቱ መጠን በሊትር 0.1 ሞል ይሆናል። ፒኤቹ ከ4 በታች ከሆነ አሲዱ አልወጣምና ወደ ማትነኑ ይመለሱ።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መጠቀምም ይቻላል፤ ክሎራይድ መታጠቡን በብር ናይትሬት መፈተን ቀላል ስለሚመስል ብዙዎች ይመርጡታል። እኔ ግን ናይትሪኩን እመርጣለሁ። አንደኛ፣ ክሎራይድ ከኒዮዲሚየምና ከሴሌናይት ጋር አብሮ ሦስትዮሽ ውህድ የመፍጠር ዝንባሌ አለው። ሁለተኛ፣ የብር ናይትሬቱ ፈተና አሳሳች ነው፤ ብር ሴሌናይትም የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ነውና፣ የአጠባው ውሃ በናይትሪክ አሲድ አሲዳማ ካልተደረገ በስተቀር ክሎራይድ አለ ወይስ ሴሌናይት አለ የሚለውን መለየት አይቻልም።

ስለ ፒኤች፦ የሥራው ልብ

ሴሌነስ አሲድ ሁለት ሃይድሮጅኖች አሉት። የመጀመሪያው በፒኤች 2.6 ገደማ፣ ሁለተኛው በ8.3 ገደማ ላይ በግማሽ ይለቀቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በአብዛኛው የላቦራቶሪ ሶሉሽን ውስጥ፣ ሴሌኒየሙ በብዛት የሚገኘው አንድ ሃይድሮጅን እንደያዘ ነው። ይህ ቁጥር ደረቅ ቢመስልም የሚወርደውን ዝቃጭ የሚወስነው እርሱ ነው። ሶሉሽኑ አሲዳማ ከሆነ ለአንድ ኒዮዲሚየም ሁለት ሴሌኒየም ያለበት አሲዳማ ሴሌናይት ይወርዳል፤ ሶሉሽኑ ከአሲድ ከጸዳ ለሁለት ኒዮዲሚየም ሦስት ሴሌኒየም ያለበት መደበኛው ሴሌናይት ይወርዳል፤ ፒኤቹ ከ7 ካለፈ ደግሞ የኒዮዲሚየም ሃይድሮክሳይድ አብሮ መውረድ ይጀምራል። ከላንታነም ወደ ሉቴሺየም በተሄደ ቁጥር ሃይድሮክሳይዱ የሚጀምርበት ፒኤች ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለኒዮዲሚየም የሠራ ቁጥር ለኤርቢየም ወይም ለሉቴሺየም እንዳለ አይቀዳም።

በዚህ ምክንያት ብረቱን ከሴሌነስ አሲድ ጋር ቀጥታ መቀላቀል ለመደበኛው ሴሌናይት አይመከርም። ዝቃጩ በወረደ ቁጥር አሲድ ይለቀቃል፤ የተለቀቀው አሲድ ፒኤቹን ወደ 2 እና 3 አካባቢ ይጎትተዋል፤ ሠራተኛውም ሳያውቀው አሲዳማውን ጨው፣ ወይም ይብስ ብሎ የሁለቱን ድብልቅ ያገኛል። በአሞኒያ ማረምም ሌላ ችግር ያመጣል፤ አሞኒያ በዝቃጩ ውስጥ ከቀረ ሲሞቅ ሴሌኒየም ዳይኦክሳይዱን ወደ ቀይ ሴሌኒየም ስለሚመልሰው ግራፉ ይበላሻል። የሚመረጠው ሶዲየም ሴሌናይት ነው፤ ሁለቱም ሃይድሮጅኖቹ አስቀድመው ስለተወሰዱ በሚወርድበት ጊዜ አሲድ አይለቀቅም።

የሴሌናይቱን ሶሉሽን ለማዘጋጀት 0.015 ሞል፣ ማለትም 1.665 ግራም ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ በሌላ ቢከር 1.20 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙተው ይቀላቅሉት፤ ጠቅላላውን ወደ 150 ሚሊ ሊትር ያድርሱ። የተዘጋጀ ውሃ አልባ ሶዲየም ሴሌናይት ካለ 2.594 ግራም ይበቃል። ሶሉሽኑ ቀለም አልባ መሆን አለበት፤ ሮዝማ ከሆነ አቧራ ወይም ሌላ ኦርጋኒክ ነገር ጥቂት ሴሌኒየም አውጥቶበታልና ያጥሉት።

ማዝቀጥ

የኒዮዲሚየሙን ሶሉሽን በ600 ሚሊ ሊትር ቢከር ውስጥ አድርገው በማግኔት ማማሰያ ላይ ያስቀምጡ፤ የፒኤች መለኪያውን በትር ይንከሩበት፤ ሴሌናይቱን በቡሬት ከላይ ጠብታ በጠብታ ያውርዱ። አቅጣጫው ይህ ነው፤ ሴሌናይቱ ወደ ብረቱ ይገባል እንጂ ብረቱ ወደ ሴሌናይቱ አይገባም። ሶዲየም ሴሌናይት አልካላይን ስለሆነ ብረቱ ወደ እርሱ ሲንጠባጠብ እያንዳንዱ ጠብታ ሃይድሮክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ሶዲየምም በዝቃጩ ውስጥ ይታሰራል። በትክክለኛው አቅጣጫ ከተሄደ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ብረቱ በትርፍ ስለሚቆይ ፒኤቹ ብዙም አይነቃነቅም። የመጀመሪያዎቹ 50 ሚሊ ሊትሮች በግማሽ ሰዓት ያህል ቢወርዱ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጠኑ መፍጠን ይቻላል።

ከ140 ሚሊ ሊትር በኋላ ዓይን ከፒኤች መለኪያው አይነሳ። ቁጥሩ 6 ሲደርስ፣ በቡሬቱ ውስጥ ጥቂት ሴሌናይት ቢቀርም፣ ማውረዱን ያቁሙ። የቀረው ጥቂት ብረት በአጠባ ይሄዳል፤ ትርፍ ሴሌናይት ግን በዝቃጩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፒኤቹ 6 የደረሰው ገና 120 ሚሊ ሊትር ሳይሞላ ከሆነ ኦክሳይዱ ሲመዘን እርጥብ ነበር ማለት ነው፤ 150ው አልቆ ፒኤቹ ከ5 በታች ከቀረ ደግሞ አሲዱ በሚገባ አልተተነነም ነበር።

ማቆየት፣ ማጠብና ማድረቅ

የሚወርደው ዝቃጭ መጀመሪያ እንደ አጃ ሾርባ የተንጠለጠለ፣ ቅርጽ የለሽ ነገር ነው። ወዲያውኑ ማጥለል ከባድ ከመሆኑም በላይ በኤክስ ሬይ ቢታይ ምንም ስለታም መስመር አይሰጥም። ስለዚህ ቢከሩን ሸፍነው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከነውሃው ለጥቂት ቀናት ያቆዩት። ቅንጣቶቹ ቀስ በቀስ ሟሙተው እንደገና በሥርዓት ይገነባሉ፤ ዝቃጩ ይከብዳል፣ ከታች ይተኛል፣ በላዩ ያለው ውሃም ይጠራል። ሁልጊዜ ግን አይሳካም፤ ጥቂት ብረቶች ለሳምንታት ቅርጽ የለሽ ሆነው ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለው ናሙና ሊጠና ይችላል፣ ነገር ግን በሪፖርቱ ላይ ቅርጽ የለሽ መሆኑ መገለጽ አለበት።

አጠባው በመጀመሪያ በማዘንበል ይሁን፤ የጠራውን ውሃ ይድፉ፣ ለብ ያለ የተጣራ ውሃ ይጨምሩ፣ ያማስሉ፣ ሲረጋ እንደገና ይድፉ። አራት ወይም አምስት ጊዜ ከተደረገ በኋላ የተደፋው ውሃ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ወደ ተጣራው ውሃ ሲቀርብ በሲንተርድ መስታወት ማጥለያ ያጥሉት። በወረቀት ማጥለል ቀላል ቢመስልም ከወረቀቱ የሚላቀቁ ክሮች ሲሞቁ ሴሌናይቱን ወደ ቀይ ሴሌኒየም ስለሚመልሱት በናሙናው ላይ ሮዝ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የመጨረሻው አጠባ በጥቂት ኤታኖል ሊሆን ይችላል፤ በአሴቶን ግን አይሁን። ሴሌነስ አሲድ አሴቶንንና መሰሎቹን የሚያጠቃ ኦክሳይድ አድራጊ ነው፤ ውጤቱ ያው ቀይ ሴሌኒየም ነው።

ማድረቁ በ110 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ እንዳይሆን። የክሪስታሉ ውሃ ራሱ የሚጠናው ነገር ስለሆነ ናሙናው በክፍል ሙቀት፣ በሲሊካ ጄል ላይ፣ ክብደቱ ተከታትሎ በተመዘነ ቁጥር አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ይደርቃል።

ከማሞቅ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ናሙናው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ማሞቅ ግራፉን እንደ ቡና ስኒ አተላ ማንበብ ነው። ሦስት ነገሮች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የሴሌኒየሙ መጠን ነው። 0.1 ግራም ናሙና በውሃ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሟሙቶ ፖታሲየም አዮዳይድ ሲጨመርበት ሴሌናይቱ ወደ ቀይ ሴሌኒየም ወርዶ አዮዲን ያወጣል፤ አዮዲኑ በ0.1 ሞል ሶዲየም ታዮሰልፌት ይለካል። ለአንድ ሴሌኒየም አራት ታዮሰልፌት ይሄዳል። ናሙናው አራት ውሃ የያዘ መደበኛ ሴሌናይት ቢሆን 16.18 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ውሃ የያዘ አሲዳማ ሴሌናይት ቢሆን 18.38 ሚሊ ሊትር ታዮሰልፌት ይጠጣል፤ ልዩነቱ በማንኛውም ቡሬት ይነበባል። ቀይ ሴሌኒየሙ የስታርቹን ሰማያዊ ስለሚሸፍንና አዮዲንንም በላዩ ስለሚይዝ፣ ሶሉሽኑን በብዙ ውሃ አቅጥነው ስታርቹን ወደ መጨረሻው ላይ ይጨምሩ።

ሁለተኛው ኒዮዲሚየሙ ነው። በፒኤች 5 እና 6 መካከል ኢዲቲኤ በተባለው ብረትን በሚያስር ውህድ መለካት የተለመደ ቢሆንም ሴሌናይት ባለበት በዚያ ፒኤች ላይ ብረቱ እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ ናሙናውን በ1100 ዲግሪ አቃጥለው ሴሌኒየሙን ያባርሩ፤ የቀረውን ኦክሳይድ መጀመሪያ ይመዝኑ፣ ከዚያ በአሲድ አሟሙተው በዛይሌኖል ኦሬንጅ አመልካች በኢዲቲኤ ይለኩ። ሁለቱ ውጤቶች ካልተስማሙ በቅሪቱ ውስጥ ሶዲየም አለ ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ሦስተኛው ኢንፍራሬድ ነው። የሴሌናይቱ ጠንካራ መስመሮች በሴንቲ ሜትር ከ700 እስከ 850 ሞገድ ባለው ክልል ይገኛሉ፤ ሃይድሮጅን የያዘው አሲዳማ ጨው ደግሞ በ600 እና በ650 መካከል ተጨማሪ መስመር፣ በ2300 እና በ2900 መካከልም ሰፋፊ ጉብታዎች ያሳያል። ንጹሕ መደበኛ ሴሌናይት በዚህ ክልል ጸጥ ያለ ነው።

በሙቀት ሚዛን ላይ

ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ናሙና በአሉሚና ክሩሲብል ውስጥ ይጫናል። ፕላቲነም አይመከርም፤ ዳይኦክሳይዱ ኦክሲጅኑን አጥቶ የሚፈጠር ንጥረ ሴሌኒየም ካለ ፕላቲነሙን ይበላዋል፣ ክሩሲብሉም ውድ ነው። ክዳን አይደረግበት፤ ክዳን ሲኖር የወጣው ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ በናሙናው ላይ ተከማችቶ መበስበሱን ወደ ላይኛው ሙቀት ይገፋዋል። ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር እየነፈሰ፣ ሙቀቱ በደቂቃ በ5 ዲግሪ እስከ 1200 ይጨምራል። ሙቀቱ በኢንዲየም 156.6፣ በዚንክ 419.5፣ በአሉሚኒየም 660.3 እና በወርቅ 1064.2 ዲግሪ መቅለጫ ነጥቦች ይስተካከላል። ከናሙናው በፊት ባዶ ክሩሲብል በዚያው ፕሮግራም ይሮጥ፤ ጋዙ ሲሞቅ ስለሚሳሳ ባዶው ዕቃ የከበደ ይመስላልና ይህ ከውጤቱ ይቀነሳል።

የሚወጣው ጋዝ ነገር በቸልታ አይታለፍ። ሴሌኒየም ዳይኦክሳይዱ ከእቶኑ ሲወጣ በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ቦታ ላይ እንደ ነጭ መርፌ ይለጠፋል፤ ያ ቦታ የሚዛኑ ዘንግ ከሆነ ሚዛኑ ይሳሳታል፣ ቆይቶም ይበላሻል። ስለዚህ ጋዙ ከሚዛኑ ወደ ናሙናው አቅጣጫ ይንፈስ፣ መውጫውም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሶሉሽን ውስጥ ተንቦቅቡቆ ወደ ሁዱ ይሂድ።

ግራፉን ማንበብ

እስከ 250 ወይም 300 ዲግሪ ድረስ የሚታየው መቀነስ የክሪስታል ውሃ ነው፤ አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት ደረጃ ይወጣል። ናሙናው ሙቀት መሳቡን ወይም ማውጣቱን በሚያሳየው የሙቀት ልዩነት መስመር ላይ ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ፣ ማለትም ሙቀት የሚስብ ለውጥ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ ክብደት የማይለወጥበት ረጅም አግድም መስመር ይመጣል። በዚህ ሜዳ ላይ ክብደት ሳይቀንስ ሙቀት የሚያወጣ ስለታም ጫፍ ከታየ፣ ውሃውን ሲያጣ ቅርጽ የለሽ ሆኖ የነበረው ጨው ወደ ክሪስታል መሰብሰቡ ነው፤ ናሙናውን እዚያው አቁሞ በኤክስ ሬይ ማረጋገጥ ይቻላል።

ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ክልል ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ መውጣት ይጀምራል። ነጻው ዳይኦክሳይድ በ315 ዲግሪ የሚተን ሆኖ ሳለ እስከዚህ ድረስ መቆየቱ ከብረቱ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ያሳያል። በመጀመሪያ ከሦስቱ አንዱ ይወጣና ለአንድ ኒዮዲሚየም ኦክሳይድ ሁለት ዳይኦክሳይድ ያለው ውህድ ይቀራል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይወጣና አንድ ብቻ የያዘው ኦክሳይድ ሴሌናይት ይቀራል፤ ይህኛው ጽኑ ስለሆነ ዘለግ ያለ ሜዳ ይሰጣል። የመጨረሻው ዳይኦክሳይድ የሚለቀቀው ከ900 ዲግሪ ገደማ ወዲያ ነው። ትክክለኛዎቹ ቁጥሮች ከማሞቂያ ፍጥነትና ከጋዝ ፍሰት ጋር ስለሚንቀሳቀሱ፣ ያለ ፍጥነቱና ያለ ጋዙ የተጻፈ የመበስበሻ ሙቀት እምብዛም ዋጋ የለውም። ፍጥነቱ በደቂቃ 20 ዲግሪ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ተደራርበው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። በአጠቃላይ ከላንታነም ወደ ሉቴሺየም ሲኬድ ጽናታቸው እየቀነሰ ይመጣል።

አራት ውሃ የያዘው መደበኛ ሴሌናይት ሞላር ክብደቱ 741.45 ነው። ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል፦ ውሃው ሲወጣ 9.72 በመቶ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሴሌኒየም ዳይኦክሳይድ ሲወጣ 14.97 በመቶ፣ ቅሪቱ 45.38 በመቶ። ከ10 ሚሊ ግራም ናሙና 4.54 ሚሊ ግራም ኦክሳይድ ይጠበቃል ማለት ነው። ነገር ግን የውሃው ቁጥር ሁልጊዜ አራት አይደለም፤ እንደ ብረቱና እንደ አደራረቁ ይለያያል። ስለዚህ ቅሪቱን ከመጀመሪያው ክብደት ጋር ማነጻጸር አንድ ያልታወቀን በሌላ ባልታወቀ መፍታት ይሆናል።

መፍትሔው ቅሪቱን ውሃው ካለቀበት ሜዳ ክብደት ጋር ማነጻጸር ነው። የውሃው ቁጥር ምንም ቢሆን፣ ውሃ አልባው መደበኛ ሴሌናይት 669.39 ስለሆነ ቅሪቱ የሜዳው 50.27 በመቶ መሆን አለበት። አሲዳማው ጨው ግን የክሪስታል ውሃውንና ከሃይድሮጅኖቹ የሚወጣውን ውሃ ከጣለ በኋላ ለአንድ ኦክሳይድ አራት ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚቀር ቅሪቱ 43.12 በመቶ ብቻ ይሆናል። በተጨማሪም አራተኛው ዳይኦክሳይድ የላላ ስለሆነ ከ500 ዲግሪ በታች ቀድሞ ይወጣል። በ300 እና በ450 ዲግሪ መካከል ሜዳው ካዘነበለ፣ በቢከሩ ውስጥ አሲድ ቀርቶ እንደነበር ግራፉ እየተናገረ ነው። ቅሪቱ ከ50.27 በላይ ከሆነ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ ወይም ሶዲየም መግባቱን ያሳያል፤ ቅሪቱን በጥቂት ውሃ አርጥቦ ውሃው በኃይል አልካላይን ከሆነ ሶዲየሙ ነው።

የመበስበስ ጉልበቱን መገመት የሚፈልግ ሰው ያንኑ ናሙና በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ዲግሪ ፍጥነት አራት ጊዜ ያሙቀው። የኪሲንጀር ዘዴ እያንዳንዱ ፍጥነት ለጫፉ ፍጹም ሙቀት ካሬ ተካፍሎ ሎጋሪዝሙ ሲወሰድ፣ ከሙቀቱ ግልባጭ ጋር ቀጥተኛ መስመር ይሰጣል ይላል፤ የመስመሩ ቁልቁለት በ8.314 ሲባዛ ጉልበቱ በጁል ይገኛል። ደረጃዎቹ ተደራርበው ከሆነ ግን ይህ ቁጥር የአንዱም አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ቁጥር ባይጽፉት ይሻላል።

ውሃ አልባውን ሴሌናይት በቀጥታ ማግኘት ካስፈለገ ኦክሳይዱና ሴሌኒየም ዳይኦክሳይዱ አየር በወጣለት የታሸገ ኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ይሞቃሉ፤ የዳይኦክሳይዱ ትነት ቱቦውን ሊያፈነዳው ስለሚችል ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር አይሞከርም። ለነጠላ ክሪስታል ደግሞ በቴፍሎን በተለበጠ አውቶክሌቭ ውስጥ ለብዙ ቀናት በዝግታ ማሞቅ ይመረጣል።

ዝቃጭ፣ የአጠባ ውሃና የጋዝ ማጥመጃው ሶሉሽን ወደ ማጠቢያ ገንዳ አይደፉም። በአንድ ጠርሙስ ተሰብስበው በሁድ ውስጥ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሲዳማ ይደረጋሉ፤ ከዚያ ሶዲየም ሰልፋይት በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርባቸዋል። ሴሌኒየሙ ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ ሲሞቅ ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጥና ለማጥለል ይመቻል። የተጠለለው ውሃ ጥቂት ሰልፋይት ሲጨመርበት ዳግመኛ ካልቀላ ሴሌኒየሙ አልቋል፤ ጠንካራው ሴሌኒየም ደርቆ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት፣ በተዘጋ ጠርሙስ ለአደገኛ ቆሻሻ ተቀባይ ይሰጣል። በሙቀት ሚዛኑ ውስጥ የቀረው ሰማያዊ ኦክሳይድ ግን አይጣል፤ በናይትሪክ አሲድ ሟሙቶ ለቀጣዩ ዙር የብረት ሶሉሽን ይሆናል።